በቅሎና ጭብጦ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለሚደረግ ብርበራ ከጎጃም ታሪክ አንጻር

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አባባል በደጋው አገር ከዳኛ ፊት ቆሞ በሚሟገት ሰው አፍ ሲነገር የኖረ ነው። በቅሎ በአባቶቻችን ዘመን የሰው ማዕረግ መለኪያ ነበረች፤ ጭብጦ ደግሞ የእረኛና የመንገደኛ ስንቅ የሆነች ትንሽ ቂጣ ናት። ተናጋሪው የሚለው፣ ዳኛ መርምሮ በቅሎዬን ቢወስድብኝ እችለዋለሁ፤ ዳኛ ሳያይ የተወሰደችብኝ ጭብጦ ግን ታንገበግበኛለች ነው። ቅሬታው በተወሰደው ነገር ብዛት ላይ ሳይሆን በአወሳሰዱ ላይ ነው። የሕግ ባለሙያዎች ዛሬ «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበርና መያዝ» እያልን የምንጠራው ጉዳይ ዋና ቁም ነገሩ በዚህ አባባል ውስጥ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ፖሊስ የዳኛ ትእዛዝ ሳይዝ የሰው ቤት ሊገባና ዕቃ ሊይዝ የሚችለው መቼ እንደሆነ፣ ይህም ደንብ እንዴት እንደ ተወለደና በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው አገር፣ ምን ዓይነት ፈተና እንደ ገጠመው በአጭሩ ማስረዳት ነው። ጎጃምን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ደንቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ ግልጽ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ከገበሬው ደጅ በጣም በራቀበት አገር ግን ያው ደንብ ሌላ መልክ ይይዛል። የሕጉ ልዩ ሁኔታ ሕጉን ራሱን እንዳይውጠው የሚያደርገው ምን እንደሆነ የሚታየው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው።

፩. ከፖሊስ በፊት የነበረው ሥርዓት

ከዓባይ በረሃ አፋፍ እስከ ጮቄ ተራራ ባለው አገር መደበኛ ፖሊስ ከመተከሉ በፊት ወንጀለኛን የሚያድነው ሕዝቡ ራሱ ነበር። ማንኛውም ሰው ባላጋራውን «በሕግ አምላክ!» ወይም «በንጉሥ አምላክ!» ብሎ ሲያስቆመው፣ የተጠራው ሰው ቆሞ ወደ ዳኛ መሄድ ነበረበት፤ ቃሉን ጥሶ መሄድ ሕጉንና ንጉሡን እንደ መድፈር ይቆጠር ነበር። ከብት የተሰረቀበት ሰው ጎረቤቶቹን በኡኡታ ጠርቶ ዱካ ይከተላል። ዱካው ወደ አንድ መንደር የገባ እንደሆነ የመንደሩ ሰዎች ከመንደራቸው መውጣቱን ማሳየት፣ ይህን ካልቻሉ ሌባውን ማውጣት ወይም ባለ ከብቱን መካስ ይጠበቅባቸው ነበር። ወንጀለኛው ተሰውሮ የቀረ እንደሆነም አውጫጭኝ ይደረጋል፤ ይኸውም በሌላው አገር አፈርሳታ የሚባለው ነው። የአገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ በመሐላ እየተጠየቀ፣ እውነቱ እስኪወጣ ድረስ እንዳይበተን ይከለከል ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ቤትን በቀጥታ የሚመለከተው ሌባ ሻይ ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረግና ወገቡ በገመድ ታስሮ ከቤት ወደ ቤት ይመራል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳ እንዲከፍል ይገደዳል። በዛሬው የሕግ ዓይን ሲታይ ይህ ምክንያታዊ ጥርጣሬ የሌለበት፣ ማስረጃ የማይጠየቅበት፣ መከላከያም የማይቀርብበት ብርበራ ነው። ዘመናዊ ፖሊስና ዘመናዊ ፍርድ ቤት እየተስፋፉ ሲሄዱ ሌባ ሻይ መቅረቱ ለአገር የሚበጅ ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ የቀድሞው ሥርዓት ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። አውጫጭኝ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር አብሮ የሚያጉላላ መሆኑ አይካድም። በዱካ ፍለጋ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ጠባይ አለ፤ ፍለጋው በቀን ብርሃን፣ በአደባባይና እማኝ ባለበት የሚደረግ ነበር። ፈላጊው ማን እንደሆነ፣ የሚፈልገው ምን እንደሆነ፣ ዱካው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ አገሩ ሁሉ ያውቃል። በሐሰት ያሳበበ ሰውም ከዚያው መንደር ሰዎች ጋር የሚኖር ስለሆነ ነገ ይጠየቅበታል። በሌላ አነጋገር፣ የዳኛ ትእዛዝ ባልነበረበት ዘመን የትእዛዙን ሥራ በከፊል ይሠራ የነበረው እማኙና ተጠያቂነቱ ነበር። በኋላ የመጣው ሕግ ሲመዘን ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

፪. ጥበቃው በጽሑፍ ሲሰፍር

የቤት አለመደፈር በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በታወጀው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ነው። የአንቀጹ መንፈስ፣ ሕግ ከወሰነው ጉዳይ በቀር የማንም ሰው ቤት አይበረበርም የሚል ነበር። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀው ይህ ሕገ መንግሥት በብዙ ስፍራ የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ እንደ ተከተለ የታወቀ ነው፤ የሜጂውም ሕገ መንግሥት ተመሳሳዩን ጉዳይ የደነገገው በዚያው በ25ኛው አንቀጹ ነበር። በሁለቱም ዘንድ መብቱ ራሱን ችሎ የቆመ አልነበረም፤ ወሰኑን ወደፊት ለሚወጣ ሕግ የተወ ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2ና የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ወጡ። ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተደራጁ፤ ፖሊስም በአንድ አዛዥነት ሥር የሚተዳደር የመንግሥት ኃይል ሆነ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ61ኛው አንቀጽ፣ ሰው ሁሉና የግል መኖሪያ ሁሉ ከሕግ ውጭ ከሆነ ብርበራና መያዝ የተጠበቀ መሆኑን ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በ13ኛው አንቀጽ የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን፣ ባለቤቱም ሳይፈቅድ ሕግ ካዘዘው ሁኔታ በቀር ማንም ሊገባበትና ሊበረብረው እንደማይችል ገለጸ።

ቤትን መበርበር የሚቻልበት ሁኔታ በዝርዝር የተለየው ግን ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የመጨረሻውን ረቂቅ ያዘጋጁት ሰር ቻርልስ ማቲው ቀድሞ በማላያ ዋና ዳኛ የነበሩ ናቸው። የማላያ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ እንግሊዞች በሕንድ ካወጡት ሕግ የተቀዳ ነበር። ስለዚህ የጎጃም ፖሊስ የገበሬውን ቤት ሲበረብር የሚከተለው ደንብ በመንፈሱ የሕንድና የማላያ ዘመድ ነው። ይህ ዝምድና የት ላይ እንደ ተቋረጠ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

፫. የ32ኛው አንቀጽ ሁለት በሮች

የ1954ቱ ሕግ መነሻ ደንብ፣ የፍርድ ቤት የመበርበሪያ ትእዛዝ ሳይያዝ ማንኛውም ቤት አይበረበርም የሚል ነው። በ32ኛው አንቀጽ ላይ ለዚህ ደንብ ሁለት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ተከፍተዋል።

የመጀመሪያው፣ ወንጀለኛው እግር በእግር ሲባረር ወደ አንድ ቤት የገባ ወይም የወንጀሉ ፍሬ የሆነውን ዕቃ ቤት ውስጥ የጣለ እንደሆነ ነው። በሬ ሲነዳ የታየ ሌባ ሕዝብና ፖሊስ እየተከተሉት ከአንድ ጎጆ ቢገባ፣ አሳዳጁ ከደጅ ቆሞ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ሰው እንዲልክ ሕጉ አይጠይቀውም። ይህ የቀድሞው ዱካ ፍለጋ በጽሑፍ የመጣበት መልክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ክትትሉ ግን ያልተቋረጠ መሆን አለበት፤ ትናንት የተሰረቀውን በሬ ዛሬ በወሬ መፈለግ በዚህ በር የሚያስገባ አይደለም።

ሁለተኛው በር ሰፋ ያለ ስለሚመስል በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። አራት ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ስለ ወንጀሉ በ14ኛው አንቀጽ መሠረት ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበ መሆን አለበት፤ ያ አንቀጽ ደግሞ በቃል የቀረበው አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ቀን እንዲጻፍበትና እንዲፈረምበት ያዛል። ሁለተኛ፣ ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ በሆነ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ለማስረጃ የሚጠቅም ዕቃ በዚያ ስፍራ መደበቁን በቂ ምክንያት ባለው ሁኔታ የሚያስጠረጥር መረጃ ለፖሊሱ የደረሰው መሆን አለበት። አራተኛ፣ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ እስኪያገኝ ድረስ ቢዘገይ ዕቃው ከዚያ ሊወሰድ እንደሚችል ፖሊሱ የሚያምንበት መልካም ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ከአራቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ በሩ ዝግ ነው። ፖሊስ ስለ ጠረጠረ ብቻ፣ ወይም ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሹክ ስላለው ብቻ፣ አቤቱታ ሳይመዘገብ ቤት መግባት በዚህ ሕግ አልተፈቀደም።

የሰውን ገላ ስለ መፈተሽም ያው አንቀጽ ወሰን አበጅቷል። የተያዘ ሰው የሚፈተሸው ለተጠረጠረበት ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ መኖሩ በምክንያት ሲጠረጠር ነው፤ ፈታሹም ከተፈታሹ ጋር ተመሳሳይ ጾታ ያለው መሆን አለበት።

ቀጥሎ ያለው 33ኛው አንቀጽ የትእዛዙን ይዘትና የብርበራውን አፈጻጸም ይወስናል። ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ከተጠቀሰው ሌላ መያዝ አይቻልም። የተያዘው ዕቃ ዝርዝር ይጻፋል፤ ዝርዝሩንም በተቻለ መጠን ገለልተኛ የሆነ ሰው አመሳክሮ ይፈርምበታል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራው የሚደረገው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ጥያቄ ይነሣል። ዝርዝር መጻፉ፣ ገለልተኛ ታዛቢ መቆሙና የቀን ወሰኑ ትእዛዝ ላልተያዘበት ብርበራም ይሠራሉን? ስለ ትእዛዝ በሚናገረው አንቀጽ ሥር የተጻፉ ስለሆኑ አይሠሩም ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ለእኛ ግን የተሻለ የሚመስለው ንባብ ሌላ ነው። 32ኛው አንቀጽ በመግቢያው ፖሊስ የሚበረብረውና የሚይዘው ቀጥለው በተመለከቱት ድንጋጌዎች መሠረት መሆኑን ስለሚናገር፣ የሚቀጥለው አንቀጽ ጥበቃዎች ከጠባያቸው ጋር እስከ ተስማሙ ድረስ ለሁለቱም ብርበራዎች መሥራት አለባቸው። ዳኛ ያየው ብርበራ ታዛቢና ዝርዝር ካስፈለገው፣ ዳኛ ያላየው ብርበራ ይልቁንም ያስፈልገዋል። ለአሳዳጅ ፖሊስ የሰዓቱ ወሰን ላይመች ይችላል፤ ዕቃ ቆጥሮ በታዛቢ ፊት ማስፈረም ግን በማናቸውም ሰዓት የሚቻል ነው።

፬. ርቀት እንደ ምክንያት

አሁን ይህን ደንብ ይዘን ወደ ጎጃም ገጠር እንመለስ። ሕጉ በወጣበት ዘመን ከደብረ ማርቆስ የሚወጣው ዋና መንገድ አንድ እጅ ነበር፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው አገር በሸለቆና በገደል የተከፋፈለ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ከጮቄ የሚወርደው ውሃ መንደርን ከመንደር ይለያል። ከወረዳው ፍርድ ቤት ደርሶ ለመመለስ አንድ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚጠይቅ መንደር ብዙ ነበር። በ1939 ዓ.ም. አዋጅ የተቋቋሙት አጥቢያ ዳኞች ለሕዝቡ ቅርብ ነበሩ፤ ሥልጣናቸው ግን በጥቃቅን ጉዳዮች የተወሰነ ነበር።

እንዲህ ባለ አገር «ትእዛዝ እስክናገኝ ዕቃው ሊወሰድ ይችላል» የሚለው ቃል ለማናቸውም ብርበራ የሚስማማ መልስ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ሩቅ ስለሆነ መዘግየት ሁልጊዜ አለ፤ መዘግየት ሁልጊዜ ካለም ልዩ ሁኔታው ሁልጊዜ ተሟልቷል ወደ ማለት ይደረሳል። በዚህ አካሄድ ለከተማው ነዋሪ ደንቡ፣ ለገበሬው ልዩ ሁኔታው ሕግ ሆኖ ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ ግን ሰው ሁሉ አለ እንጂ ለፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ሁሉ አላለም።

የሕጉን ቃል በጥንቃቄ ብንመረምር ርቀት ብቻውን ምክንያት እንዳልሆነ እንረዳለን። ሕጉ የሚጠይቀው መዘግየቱ ይህን ዕቃ ከዚህ ስፍራ ለማስወሰድ የሚያበቃ መሆኑን ነው። የተሰረቀ በሬ ሌሊቱን በበረሃው በኩል ሊነዳ ይችላል፤ እህል ግን በአንድ ሌሊት ሳይታይ ከጎተራ ተገልብጦ አይጠፋም። ባለቤቱ መጠርጠሩን ያላወቀበት፣ ቤቱም በዘብ ሊጠበቅ የሚችልበት ሁኔታ ካለ፣ ከመንደሩ በር ላይ አንድ ሰው አቁሞ ሌላውን ወደ ዳኛ መላክ ይቻላል። ስለዚህ ፖሊሱ ሊጠየቅ የሚገባው «ፍርድ ቤቱ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ተብሎ ሳይሆን፣ «ዕቃው በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሸሻል ያሰኘህ ምንድን ነው?» ተብሎ ነው።

ይህ ጥያቄ ከብርበራው በኋላ በፍርድ ቤት እንዲጠየቅ ደግሞ ምክንያቱ ቀድሞ መጻፍ ይኖርበታል። ዝምድናው የተቋረጠው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ1898ቱ የሕንድ ሕግ በ165ኛው ክፍል፣ ያለ ትእዛዝ የሚበረብር ፖሊስ የሚያምንበትን ምክንያትና የሚፈልገውን ዕቃ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሰፍር፣ ግልባጩንም በቅርብ ላለው ዳኛ እንዲልክ ያዝ ነበር፤ በ103ኛው ክፍል ደግሞ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ የተከበሩ የአካባቢው ነዋሪዎች ብርበራውን እንዲመለከቱ ያስገድድ ነበር። በእኛ 32ኛ አንቀጽ ውስጥ ምክንያትን የመጻፍ ግዴታ በግልጽ አልተቀመጠም። ትእዛዝ የሌለበት ብርበራ በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ወረቀት የሌለበት ብርበራ ይሆናል፤ ወረቀት የሌለበትን ነገር ደግሞ ገበሬው ምን ይዞ ይከራከራል?

፭. መተማመን ሲጠፋ

ገበሬው ለዚህ ጉዳይ ምን ያህል ስስ እንደነበረ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የሆነው ነገር ያሳያል። በዚያ ዓመት አሥራትን የሚተካ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ታወጀ። የእያንዳንዱ ገበሬ ምርት በገማች ኮሚቴ እንዲገመት ተወሰነ። ግምት ብርበራ አይደለም፤ የጎጃም ገበሬ ግን ኮሚቴው ከማሳው ሲገባ ርስቱ ሊለካበት፣ ቀጥሎም ሊወሰድበት እንደሆነ አድርጎ ተረዳው። አስቀድሞም በአገረ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ ቅሬታ ነበረ፤ የጠመንጃ ምዝገባውም መሣሪያችንን ሊያስፈቱን ነው የሚል ጥርጣሬ አሳድሮ ነበር። በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች ይልቁንም የበረታ ተቃውሞ ተነሣ፤ ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ። መንግሥት ፖሊስ፣ ነጭ ለባሽና ጦር አሰለፈ፤ የጦር አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፤ አዲሱን ግብር በጎጃም ማስከፈሉም ቀረ።

ለሕግ ሰው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ስለ ግብር ብቻ አይደለም። የመንግሥት ሰው ወደ ማሳና ወደ ደጅ ሲመጣ ገበሬው የሚያምነው ገለልተኛ ታዛቢ በመካከል ከሌለ፣ ትክክለኛውንም ሥራ ከዝርፊያ ለይቶ አያየውም። ሕግ አስከባሪው በታዛቢ ፊት ሲሠራ ገበሬውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ከጥርጣሬ ያድናል።

፮. ዳኛውም ታዛቢውም የጠፉበት ዘመን

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ታገደ፤ 61ኛው አንቀጽም አብሮ ወደቀ። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አልተሻረም፤ ነገር ግን ሥራው በሌላ መንገድ ይሄድ ጀመር። በገጠር የገበሬ ማኅበራት፣ በከተማ ቀበሌዎች የራሳቸው የፍርድ ሸንጎና የራሳቸው የአብዮት ጥበቃ ጓድ ኖራቸው። የሚበረብረውና የሚፈርደው በአንድ ማኅበር ጥላ ሥር ሲውል፣ ትእዛዝ የሚጠየቅበት ሦስተኛ ወገን አይኖርም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤት ወደ ቤት የተደረገው አሰሳ ይህን ለሁሉ ገለጠ፤ ጥርጣሬ የሚቀርበው በአንድ ሰው ላይ መሆኑ ቀርቶ ከተማው በሙሉ ተጠርጣሪ ሆነ።

በጎጃም በዚያው ዘመን የሆነው ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ በሩቅ አገር ችሎት ተመርምሯል። በሔግ የሚገኘው የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017፣ በጎጃም የደርግ ተጠሪ የነበሩትን እሸቱ ዓለሙን እ.ኤ.አ. በ1978 በተፈጸሙ የጦር ወንጀሎች ጥፋተኛ ብሎ በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ፤ ከወንጀሎቹም መካከል የ75 እስረኞች መገደልና ከ300 በላይ ሰዎች ያለ አግባብ መታሰር ይገኙበታል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2022 የዕድሜ ልክ ቅጣቱን አጸናው። ከቤቱ ያለ ዳኛ የተወሰደ ሰው ፍጻሜው ምን ሊሆን እንደሚችል ይህ ፍርድ ይመሰክራል። የብርበራ ሕግ ስለ ዕቃ ብቻ የሚያወራ የሚመስለው ሰው ይህን ሊያስብ ይገባዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን መብት ከቀድሞው አስፍቶ ደነገገ። ቤት፣ ገላና ንብረት ከመበርበር፣ በግል ይዞታ ያለ ንብረትም ከመያዝ ተጠበቀ። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ነገር ግን 93ኛው አንቀጽ በአስቸኳይ ጊዜ ሊነኩ አይችሉም ብሎ ከዘረዘራቸው ድንጋጌዎች መካከል 26ኛው አንቀጽ የለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652፣ በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ በፌዴራል ፖሊስ ኃላፊ ፈቃድ መንገደኛና ተሽከርካሪ በድንገት እንዲፈተሽ ይፈቅድ ነበር፤ ፈቃጁ ዳኛ ሳይሆን የፖሊስ የበላይ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ስላለው ሁኔታ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበርንና መያዝን ፈቀደ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለ4 ወር ተራዝሞ በድምሩ 10 ወር ያህል ጸንቶ ከቆየ በኋላ ጊዜው አለፈ። ጎጃምም ከእነዚህ ወራት ተካፋይ ነበረ።

አስቸኳይ ጊዜ የዳኛን ትእዛዝ ሊያስቀር እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ራሱ ያውቃል። የዕቃ ዝርዝር እንዳይጻፍ፣ ጎረቤት እንዳይታዘብ፣ የተወሰደው ወዴት እንደ ደረሰ እንዳይታወቅ የሚያደርግ አስቸኳይነት ግን የለም። ኢሰብአዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን የሚከለክለው 18ኛው አንቀጽም በማናቸውም ጊዜ የማይነካ ነው።

፯. ለባለሙያው የቀረው ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1762 የእንግሊዝ ንጉሥ መልእክተኞች የአንድ ሚኒስትር ደብዳቤ ይዘው የጆን ኤንቲክን ቤት ሰብረው ወረቀቶቹን ወሰዱ። በ1765 ሎርድ ካምደን የፈረዱት ፍሬ ነገር፣ የሰው ቤት የገባ ሹም ያስገባውን ሕግ ማሳየት አለበት፤ ማሳየት ካልቻለ እንደ ማንኛውም ደፋሪ ይጠየቃል የሚል ነበር። የእኛ የሥነ ሥርዓት ሕግ በወጣበት በእ.ኤ.አ. 1961 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማፕና በኦሃዮ ጉዳይ፣ ከሕግ ውጭ በተደረገ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክልል ፍርድ ቤቶችም ተቀባይነት እንደሌለው ወሰነ። የ1954ቱ ሕግ እንዲህ ያለ ግልጽ ድንጋጌ አላስቀመጠም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጽ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃን ውድቅ ቢያደርግም፣ ያለ አግባብ ከተበረበረ ቤት ስለ ተገኘ ዕቃ በስም ለይቶ አልተናገረም። በዚህ ምክንያት ብዙው ነገር በጠበቃው ጥያቄና በዳኛው ምዘና ላይ ወድቋል።

ስለዚህ ያለ ትእዛዝ የተያዘ ዕቃ በማስረጃነት ሲቀርብ የሚከተሉት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ሊታለፉ አይገባም። አቤቱታው የተጻፈበት ቀንና ሰዓት ከብርበራው በፊት ነውን? ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ነውን? መረጃው ለፖሊሱ የደረሰው መቼና በምን መልክ ነው? ዕቃው ሊሸሽ ነው ያሰኘው የትኛው ድርጊት ነው? ዝርዝሩን ማን ጻፈው፣ ማንስ ፈረመበት? የፈረመውስ ሰው ከፖሊስና ከከሳሽ ነጻ ነውን? ዓቃቤ ሕጉም ቢሆን እነዚህን ጥያቄዎች መዝገቡን ወደ ፍርድ ቤት ከመላኩ በፊት ለራሱ ቢያነሣቸው ሥራው ይጠነክራል እንጂ አይደክምም።

የርቀት ክርክርም እንደ ቀድሞው አይደለም። ዛሬ ወረዳ ሁሉ ፍርድ ቤት አለው፤ የእጅ ስልክም ብዙ መንደር ደርሷል። ትእዛዙን በጽሑፍ ማግኘት ጊዜ የሚወስድ ቢሆን እንኳ፣ ፖሊስ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት የሚፈልገውን ዕቃና ምክንያቱን በአንዲት ገጽ ጽፎ ሰዓቱን ማስፈር አያቅተውም። ያችን ገጽ ከዕቃው ዝርዝር ጋር አያይዞ፣ ለተያዘ ሰው በተወሰነው የ48 ሰዓት ጊዜ አምሳል፣ ለወረዳው ፍርድ ቤት ቢያቀርባት ከብርበራው በፊት ያልነበረው ዳኛ ከብርበራው በኋላ ይገኛል። ይህን በሕግ ማስገደድ የሕግ አውጪው ሥራ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በፖሊስ መመሪያና በፍርድ ቤት ልማድ ሊተከል ይችላል። ለገበሬውም ጭብጦው በማን፣ መቼና ስለምን እንደ ተወሰደች የሚያሳይ፣ ጎረቤቱም የፈረመበት ወረቀት በእጁ ይቀርለታል።